የአሲያ ዓይንና የጭቃዋ ሾጣጣ

የሸዋ ሮቢቷ ሸክላ ሠሪ አሲያ አንድ ሕግ አላት፤ ሸክላ ሲበስል ሰው አያይም። ዓይን ያረፈበት ድስት ይሰነጠቃል ባይ ናት። በግቢዋ በኩበት ስታቃጥል አጥር ላይ የሚንጠለጠለውን ሁሉ በእርግማን ታባርር ነበር። የሚገርመው ግን ሰፈሩ የሚፈራው የእሷኑ ዓይን መሆኑ ነው። ሸክላ ሠሪ አይደለች? የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል የሚለው ፀሐይ የሞቀው ሐሜት ነው። ጎረቤቷ ነኢማ አሲያን ባየች ቁጥር የታቀፈችውን ልጅ በሻርፕ ትሸፍናለች። ልጁ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሲያ መልኩን አታውቅም። ይህ ያንገበግባታል።

አሲያና ሌሎች የሰፈሩ ሰዎች በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበር ተደራጅተው የጡብ ምድጃ የተሠራላቸው ጊዜ፣ አሠልጣኙ ዓለሙ ጣት የምታክል የጭቃ ሾጣጣ ምድጃው ውስጥ ከመመልከቻው ቀዳዳ ትይዩ አቆመ።

“ሙቀቱ ሲበቃ ይቺ ትጎነበሳለች፤ ያኔ እሳቱን እናቆማለን። በቀዳዳው እያያችሁ ጠብቁ” ብሎ እሳቱን ለኩሶ ዞር ሲል፣ አሲያ ቀዳዳውን በጭቃ ደፈነችው።

“እትዬ አሲያ! ምን አደረጉ?”

“ለዓይን በር ከፍቶ ሸክላ ማብሰል የት አገር ያየኸው ነው?”

“ካላየን ሙቀቱ ከልክ ያልፍና ሁሉም ተጣሞ ይቀራል!”

ለዒድ ገበያ የሠራችው ሁሉ ምድጃው ውስጥ ነበርና ደነገጠች። ይሁን፣ ግን ዓይኑ ንጹሕ የሆነ ሰው ይይ አለች። ማን? የማኅበሩ አባል ሙሳ አይሆንም፤ ትናንት ያደነቀው ፓፓያ ዛሬ ጠውልጓል። ሙሳም “ዓለሙ ይይ፤ የሱ ዓይን በመነጽር ተከድኗል” አለ። ዓለሙ ጭቃውን ፈንቅሎ ቀዳዳው ላይ ቢደፋ፣ የመነጽሩ ብረት ግሎ ጆሮውን ለበለበውና እየዘለለ ሸሸ።

“በቃ፣ እርስዎ ይዩ!” አላት አሲያን፣ ጆሮውን እንደያዘ።

አሲያ ፈራች። ሰው ለዓመታት ዓይኗ ክፉ ነው ሲላት ኖሮ እሷም ዓይኗን ሳትጠረጥር አልቀረችም። ወደ ቀዳዳው ጠጋ አለች፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና “ማሻአላህ፣ ማሻአላህ” እያለች አየች። ሾጣጣዋ ቆማ ቆማ፣ ቀስ ብላ አንገቷን ደፋች።

“ጎነበሰች! እሳቱን አቁሙ!”

ምድጃው ሳይበርድ ወሬው ሌላው ከተማ ካራቆሬ ደረሰ፤ አሲያ ጭቃ በዓይኗ አጎበጠች ተባለ!

በገበያው ቀን ሸክላዋን ደርድራ ተቀመጠች። ነኢማ ልጇን ሸፍና መጣች።

“እትዬ አሲያ፣ እውነት በዓይንዎ ነው ያጎበጧት?”

አሲያ አንዱን ድስት አንስታ በጣቷ መታችው፤ ጥርት ብሎ ጮኸ።

“ይሄንም እሳት ውስጥ አይቼዋለሁ። ሁሉንም አይቻለሁ። አንድም አልተሰነጠቀም። ልጅሽ ከሸክላ ይበልጥ ይሰበራል?”

ነኢማ ድስቶቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ሻርፑን ገለጥ አደረገች።

አሲያ እስኪበቃት አየችው። “ማሻአላህ” አለች፤ “አፍንጫውስ የአባቱ ነው።”