ይርሳው ድንጋዩን ይዞ ሆቴል የገባ ዕለት

ይርሳው ባሕር ዳር ሆቴል አደረ ሲሏችሁ የተደሰተ እንዳይመስላችሁ። ቀይዋን ጊደር ሸጦ ነው ያደረው፤ ያደረውም ለእንቅልፍ አይደለም። ይህን ነገር ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ሁሉም ያወራዋል፤ አንዱ ግን ራሱን ይጥለዋል፣ ሌላው ጭራውን። ከነራሱ ከነጭራው የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ይኸው እየነገራችሁ ነው።

ነገሩ ከውኃ ተነሣ። አምና በመስኖ ተራ የይርሳው ትልቁ ልጅ ምስክር ከጎረቤታቸው ከአለማየሁ ጋር ተጣላ። ድንቹ እየደረቀ፣ ቦዩ አንድ፣ ሰዉ ሁለት። አንድ ዱላ ነው የመታው፤ አንድ። አለማየሁ እዚያው ቦዩ ላይ ቀረ። ምስክር እጁን ሰጠ፣ ፍኖተ ሰላም ወህኒ ቤት ገባ፣ ዳኛውም የራሱን ፈረደ። ደም ግን በዳኛ አይደርቅም። የሟች የወንድም ልጆች "ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ታናሹን አንምረውም" ብለው ማሉ። የምስክር ታናሽ ክንዱ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ሁለት በሬ ጠምዶ ሲያርስ ትልሙ ክር የተዘረጋበት ይመስላል። ቀን ይጠብቃሉ ብሎ ማን ያምናል፤ ይኸው ዓመት ሙሉ ከጓዳ አልወጣም። መሬቱ ጦሙን አደረ። ይርሳውም ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ብሎ የልጁን ትንፋሽ የሚያዳምጥ ሰው ሆነ።

ሙት ዓመቱ ቅዳሜ ሊውል፣ ሐሙስ ማለዳ አስታራቂው ቄስ ክንፈሚካኤል መጥተው "ተነሥ" አሉት። የሟች ታላቅ ወንድም ወንዳወቅ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው። ለስብሰባ ባሕር ዳር ወርዷል፤ "ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት እቀበላችኋለሁ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ግን እሄዳለሁ" ብሏል። ልጆቹን "ተው" ብሎ የሚያስቆም እሱ ነው። ነገር ግን ወዳጆቹ እያዩት ከሆቴሉ በር ላይ ድንጋይ የተሸከመ ሽማግሌ እንዲቆምበት አልፈለገም። "አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ ፊት ለፊት፣ ክፍሌ ድረስ ይምጣ" አለ። ፎቅ ደግሞ እንግዳ ያልሆነ አይወጣም። ጊደሯ በዚህ ሄደች።

ድንጋዩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። በኛ አገር ደም ያለበት ሰው ምሕረት ሲለምን ከገዛ ደጁ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ይሸከማል። እሱ አይናገርም፤ የሚናገርለት አስታራቂው ነው። አንዴ ከተሸከመው ድንጋዩ መሬት አይነካም። የሚያወርደው ባለደሙ፣ የሟች ወገን ነው፣ "አውርድ" ብሎ፣ በገዛ እጁ። እኔ በዘመኔ ስድስት ደም አድርቄያለሁ። ሰባተኛውም የይርሳው ይሆን ነበር፤ ጉልበቴ አሞኝ ተኝቼ ነው ለቄሱ የተውሁት።

ያን ሆቴልም ሳይታደስ አውቀዋለሁ። ፍራሹ ጥጥ፣ የበሩ መዝጊያ ሚስማር፣ ውኃው በባልዲ ይመጣል፤ ግን ይመጣል። አሁን መስታወት በመስታወት ሆኗል። በሩ ላይ ዕቃ የሚውጥ መፈተሻ ቆሟል። የይርሳው የተቋጠረ ጋቢ ገብቶ ሲወጣ ጥበቃው ዘለለ።

"አባት፣ ምን ቋጥረው ነው?"

"ድንጋይ ነው።"

"ድንጋይ?"

"ኸደጄ ያነሣሁት።"

"ኧረ አባት! መስታወቱ እኮ ከገባ ገና ወሩ ነው!"

ቄስ ክንፈሚካኤል መስቀላቸውን አወጡ። "ልጄ፣ ይህ የሚወረወር አይደለም። የምሕረት ድንጋይ ነው።"

ጥበቃው መስቀሉን ተሳለመ፤ ድንጋዩን ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። "ሲወጡ ይወስዱታል። ከኔ እጅ አይጠፋም።"

ይርሳው ባዶ ጋቢውን ይዞ ገባ። ግድግዳው ሁሉ ወረቀት ተለጥፎበታል። እሱ ፊደል አልቆጠረም፤ ቄሱ አነበቡለት። "ውድ እንግዶቻችን፣ በእድሳቱ ምክንያት ለሚደርስባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።"

"ማን ነው ይቅርታ የሚለምነው?"

"ሆቴሉ።"

"በወረቀት?"

"በወረቀት።"

"ታዲያ ማን አወረደላቸው?"

 ወዲያ ደግሞ ፎጣ ያገለደመ፣ ራሱ ላይ የሳሙና አረፋ የተቆለለበት ወፍራም ሰውዬ "ውኃ! ሳሙናው ዓይኔን እያጠፋው ነው!" እያለ የእንግዳ መቀበያውን ጠረጴዛ ይደበድባል። አንዲት ሴትዮ በሯ አልከፈት ብሏት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጠረጴዛው ጋ ያለችው የኛው አገር፣ የሽንዲ ልጅ ሰርካለም ለሁሉም በጣቷ ወደ ወረቀቱ ታመለክታለች። እሷ ምን ታድርግ፣ እድሳቱን እሷ አላሠራችው።

"አባባ፣ የርስዎ ሁለተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩም በካርድዎ ከሁለተኛ አያልፍም።"

"እኔ የምፈልገው አራተኛን ነው፣ ልጄ።"

"አራተኛ ሞልቷል። ደረጃው ደግሞ ቀለሙ ስላልደረቀ ተዘግቷል። ይቅርታ።"

ቄሱ እዚያው ከተማ ደብር ሄደው ሊያድሩ ተለያዩ። ይርሳው ክፍሉ ገባ፤ መብራቱ እምቢ አለው። ካርዱን ግድግዳው ላይ መሰካት እንዳለበት ማን ነገረው? መስኮቱ አይከፈትም። የቀለሙና የማጣበቂያው ሽታ አናቱን ይበሳል። አልጋው ሲቀመጡበት ረግረግ ነው፤ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተኛ። ስልኩን አንሥቶ "ሰዎች!" ቢል ስልኩ ገና ከመስመር አልተገናኘም። "ክንዱ ይህን ጊዜ በልቶ ይሆን?" እያለ ነጋ።

አንድ ሰዓት ሲሆን ወረደ። በሩ ላይ ሌላ ጥበቃ ቆሟል።

"ድንጋዬን ስጠኝ ልጄ።"

"የምን ድንጋይ?"

"ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው።"

"ቁልፉ የቀን ተረኛው ጋ ነው አባት። ሦስት ሰዓት ይመጣል።"

"ሦስት ሰዓት ሰውዬው ይሄዳል!"

"ምን ላድርግ? እኔ ድንጋይ አላስገባሁ።"

ቄስ ክንፈሚካኤል ከመስታወቱ ማዶ ቆመዋል። ጠያቂ ከአራት ሰዓት በፊት አይገባም ተብለው። ቢለምኑ፣ ቢገዝቱ፣ እምቢ። በበሩ ክፍተት አፋቸውን አስገብተው "ይርሳው! ሌላ ድንጋይ ፈልግና ውጣ፤ እኔም ለምኜ እደርሳለሁ! ሰዓቱ እንዳያልፍብህ!" አሉት።

የጎጃም ሰው ድንጋይ ሲያጣ አይታችኋል? እርሻችንን የፈጀው ድንጋይ አይደለም ወይ! ይርሳው ግን ያን ግቢ ዞረው፣ ድንጋይ የለም። መሬቱ ሸክላ ነው። ሣሩ ፕላስቲክ ነው። የአበባው ማሰሮ ውስጥ ያሉት ጠጠሮች እንኳ ተጣብቀዋል፤ በጥፍሩ ቢፈለቅቅ ጥፍሩ ተሰበረ።

ፊቱን ታጥቦ ለመውጣት ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ቧንቧው ፉ ብሎ ደረቀ። መታጠቢያው ጥግ ግን ነጭ ጋን ቢጤ አለ፤ ክዳኑን ቢያነሣው እንደ ምንጭ የጠራ ውኃ። "እሰይ፣ ለእንግዳ አስቀምጠዋል" ብሎ ፊቱን ታጠበ፣ እግሩን ታጠበ። ክዳኑን ሊመልስ ሲል ክብደቱ ተሰማው። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ከባድ። ከደጁ የተነሣ ባይሆንም ካደረበት ቤት የተነሣ ነው። አማትቦ ማጅራቱ ላይ አደረገው።

አሳንሰሩ ሲከፈት የትናንቱ ባለሳሙና ውስጥ ቆሟል። ክዳኑን ሲያይ ፊቱ በራ።

"እሰይ አባቴ! እርስዎም መረርዎት? ይዘውት ይምጡ፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት እንጥለዋለን!"

ይርሳው አንዴ ተሸክሟል፤ አይናገርም። አራት ጣት አሳየው። ሰውዬው ሥራ አስኪያጁ አራተኛ ያለ መስሎት በራሱ ካርድ አደረሰው።

የወንዳወቅን በር ያንኳኳው በግንባሩ ነው። ወንዳወቅ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ስልክ ጆሮው ላይ፣ ከፈተ። ጎንበስ ያለ ሽማግሌ አየ። ስልኩን አወረደ። ይርሳው ዓይኑ መሬት ላይ ነው፤ የሚያየው የሰውየውን ጫማ ብቻ ነው። ጫማው አንድ እርምጃ ቀረበ። ትንፋሹ ተሰማው። እጁ ተዘረጋ፤ ይርሳው በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ተስፋ አድርጎ አያውቅም።

እጁ ነካውና ተመለሰ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

ይርሳው ክዳኑን አጥብቆ ያዘ።

"ይኼ የፍላሽ ክዳን አይደለም እንዴ? የሽንት ቤት?"

 የሚናገርለት ቄስ ከመስታወት ማዶ ነው።

"በወንድሜ ደም ላይ የሽንት ቤት ክዳን ይዘህብኝ መጣህ? ይህን ልታሳየኝ ነው ቄስ የላክህብኝ?"

"ድንጋዬን በር ላይ ወሰዱብኝ!" አለ ይርሳው። አመለጠው። "ኸደጄ ያነሣሁትን ቆለፉብኝ! ፊቴን የታጠብሁበት ነው፣ ምን እንደሆነ አላወቅሁም!"

"ዝም ብለህ መቆም እንኳ አቃተህ" አለና በሩን ዘጋው።

ይርሳው እዚያው እንደጎበጠ ቀረ። ሁለት የሆቴሉ ሠራተኞች መጥተው "የሆቴሉን ዕቃ ያውርዱ!" እያሉ ያዙት። አልለቀቀም። ያልታረቀ ሰው ሸክም መሬት ቢነካ የልጁ ራስ መሬት የነካ መሰለው። ይኼኔ ሰርካለም እየሮጠች ደረሰች። አንዴ አይታ ገባት፤ ሽንዲም ሰው ይታረቃል።

"ልቀቋቸው!" አለች። "አባባ፣ ለኔ ይስጡኝ። መሬት አይነካም፣ በእጄ እይዘዋለሁ።"

እንደ ሕፃን ታቀፈችው። ይርሳውም የዚያን ጊዜ አለቀሰ።

ሲወርዱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። የቀኑ ጥበቃ ገብቷል፣ ቄሱ ነገሩን ነግረውታል፣ የሰውዬው ፊት አመድ ሆኗል። የዱርቤቴ ልጅ ነው፤ አባቱም በአንድ ወቅት እንዲሁ ተሸክመዋል። "አባት፣ አፈር ልብላ" ብሎ ድንጋዩን በሁለት እጁ ሰጠው። ይርሳው ተሸከመና የወንዳወቅ መኪና በር ፊት ወድቆ ተንበረከከ። ወዳጆቹ እያዩ፣ እንግዳው እያየ። ወንዳወቅ ያልፈለገው ይኸው ሆነ።

ቄስ ክንፈሚካኤል "ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር" ብለው ጀመሩ። ወንዳወቅ እጁን አነሣ። 

"እኔ ወንድሜን በስልክ ነው የቀበርሁት" አለ። "በእጇ አፈር ያለበሰችው እናቴ ናት። ከወደደች እሷ ታውርድልህ፤ እኔ አላወርድም። ልጆቹንም ተው አልልም፣ ግፉም አልልም።" መኪናዋ ሄደች።

ይርሳው ቀና አላለም። ድንጋዩን እንደተሸከመ ከቄሱ ጋር አውቶቡስ ገባ። ረዳቱ "አባት፣ ዕቃ ከላይ ነው የሚጫነው" ሊል ሲል አንዲት ሴትዮ "አፍህን ዝጋ፣ አታይም?" አለችው። ዘፈኑ ተዘጋ። ከባሕር ዳር እስከ ቡሬ ያ ሁሉ መንገደኛ እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ ተጓዘ። ማጅራቱ ቆስሎ ደሙ አንገትጌው ላይ ደርቋል።

ከቡሬ በእግሩ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ የሟች እናት የእማሆይ ዓባይነሽ ደጅ ደረሰ። ለነገው ሙት ዓመት ዳሱ ተጥሏል። የወንድም ልጆቹ ከዳሱ ወጡ። አሮጊቷ በምርኩዛቸው ቀድመዋቸው መጡ። ድንጋዩን በእጃቸው ዳበሱት።

"ኸየት አነሣኸው?"

ቄሱ "ከደጁ ነው፣ እማሆይ" አሉ።

"ክንዱ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ዐሥራ ዘጠኝ።"

"የኔ ሠላሳ አንድ ነበር" አሉ። እጃቸው ድንጋዩ ላይ ቆየ። ሁሉም "አውርድ" የምትለዋን ቃል ጠበቀ።  አላሏትም።

"ቁጭ በል" አሉት። "አላወርድልህም፤ አልቻልሁም። ሲደክምህ ጭንህ ላይ አድርገው፣ መሬት ግን አይንካ።" ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። "ይህ ሽማግሌ ድንጋዩን ይዞ ኸደጄ እስካለ ድረስ ማንም መሣሪያ ይዞ ኸዚህ ቤት አይወጣም። የወጣ ኸመቃብሬ አይድረስ።"

ቅዳሜ ሙት ዓመቱ ወጣ። ይርሳው በዳሱ ጥግ እንደተቀመጠ ነው። እሑድም። እማሆይ በእጃቸው ውኃ አጠጡት፣ በእጃቸው አጎረሱት፤ አላወረዱለትም።

ሰኞ ማለዳ ከጅረቱ ማዶ ድምፅ መጣ። "ና! ሂድ! ተመለስ!" ክንዱ ነው፤ የእማሆይን ቃል ሰምቶ፣ ዓመት ሙሉ ጦሙን ያደረውን መሬት በበሬ ገባበት። ይርሳው ሰማው። ልጁን ለማየት ቀና ሊል ፈለገ፤ ድንጋዩ እንዳይንሸራተት ፈራና እንደጎበጠ፣ ጆሮውን ብቻ ወደ ማዶ አዞረ።