ከወንዙ ማዶ የተሰማው

ኤልቤቴል ዲላ ውስጥ በሠርግና በድራማ ቀረጻ ድምፅ በመቅዳት ስድስት ዓመት ሠርታለች። ባለፈው ኅዳር፣ ጨለለቅቱ ከተማ አጠገብ ባለ ወንዝ ዳር፣ ባል ሚስቱን የሚደበድብበትን የአንድ አጭር ፊልም ትዕይንት ይቀርጹ ነበር። ሚስቲቱን ሆና የምትተውነው ሙሉነሽ፣ ባልየውን ሆኖ የሚተውነው ገሪማ ናቸው። ገሪማ በእውነተኛው ሕይወት ላግባሽ ብሏት እምቢ ካለችው ወር አልሞላም።

ተዋናዮቹ ከወንዙ ማዶ ሆነው ካሜራው ከወዲህ ስለቆመ ኤልቤቴል በሙሉነሽ ቀሚስ ውስጥ ሽቦ አልባ ማይክ ለጥፋላታለች። ቀረጻው ሲጀመር በጆሮ ማዳመጫዋ የቡጢ ድምፅና የሚቆራረጥ ትንፋሽ ሰማች።

"ተው ገሪማ፣ የእውነት እየመታኸኝ ነው" አለች ሙሉነሽ በሹክሹክታ።

"አሁንስ እምቢ በይኛ" አላት።

ኤልቤቴል ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። "ደጀኔ፣ አስቁመው። የምሩን ነው የሚደበድባት።"

ደጀኔ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ "ዝም በይ፣ እንዲህ ተውኖ አያውቅም" አላት።

ማዳመጫውን አውልቃ ጥላ ወንዙን ተሻገረች። ስትደርስ ሙሉነሽ ወድቃ ገሪማ ጎኗን ይረግጣታል። ኤልቤቴል ድንጋይ አንስታ ትከሻውን አለችው። እሱም ዞሮ በቡጢ አፏን ሲላት ሁለት ጥርሷን አረገፈው። እሷ ግን እግሩ ላይ ተጠመጠመች፤ ወንዙ ዳር ሆነው ትወና መስሏቸው ሲያዩ የቆዩት ቡና አጣቢዎች ደሟን አይተው ሮጠው እስኪይዙት ድረስ አልለቀቀችውም።

ሙሉነሽ ሦስት የጎድን አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። ገሪማ ፍርድ ቤት ቀርቦ "ትወና ነው" ብሎ ቢከራከርም በማይኩ የተቀዳው ድምፅ ሲከፈት አንገቱን ደፋ፤ አራት ዓመት ተፈረደበት። ደጀኔ ኤልቤቴልን ቤቷ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት። ይቅር አለችው፤ አብራው ግን ዳግመኛ አልሠራችም።