ለምራቂ የሄደው ስኮርታ

ባሌ ፒካፓችንን ከእኔ አብልጦ ይወዳት ነበር። እየቀለድሁ አይደለም። እኔ አንድ ሻርፕ ስጠይቀው «ንግዱ ቀዝቅዟል» የሚለው ሰውዬ፣ አንድ ቀን የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ከነአዲስ ጎማው አስገጥሞላት መጣ። ከፋብሪካ ይዛቸው የወጣችውን የብረት ቸርኬዎች ከነጎማቸው ሓድነት ሰፈር ላለ ጋሪ ሠሪ ሸጣቸው። መቀሌ የአህያ ጋሪ የሚሠራው በአሮጌ የመኪና ጎማ ነው።

ጋሪ ሠሪው ቤታችን ድረስ መጥቶ አራቱን ከጫነ በኋላ «በል እንግዲህ መርቅልኝ» አለ። የገበያ ወግ ነው፤ ሽንኩርት ሻጭ እንኳ አንድ ራስ ሳይጨምር ገዢ አይሸኝም። ባሌ ደግሞ ሰው ፊት ቸር መባል ነፍሱ ነው። ከፒካፗ ሆድ ስር ያለውን ስኮርታ፣ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ የሚቀየረውን አምስተኛውን፣ ፈትቶ ሰጠው።

«ያለ መጠባበቂያ ልትሄድ ነው?» ብዬ ጮህሁ።

«አዲስ ጎማ ምን ይሆናል? አንቺ ሟርተኛ!» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ከቆቦ ተደወለ። አባቴ ሞቷል። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ሬሳ አያድርም፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ይቀበራል። ሴት መቃብር ባትወርድም፣ ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ፊቱን አይቼ ልሰናበተው ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ወዲያው በፒካፗ ተነሥተን ማይጨውን አለፍ እንዳልን ያ አዲስ የተባለው ጎማ ድንጋይ ቀዶት ፈነዳ። ባሌ ጎማውን ተሸክሞ፣ የጭነት መኪና ለምኖ ወደ ማይጨው ጎሚስታ ተመለሰ። የሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ ሙሉ ነው። መንገድ ዳር ተቀምጬ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትወጣ አየኋት። ዙህር መድረሱን የሚነግረኝ አላስፈለገኝም። የቀሩትን ሦስት ቸርኬዎች በድንጋይ መቀጥቀጥ አማረኝ።

ስንደርስ ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰዋል። ባሌ «የአላህ ውሳኔ ነው» አለ። የራሱን ሥራ ለአላህ ማሸከሙ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከወራት በኋላ ለሱቃችን ጋሪ ላሠራ ወደዚያው ጋሪ ሠሪ ሄድሁ። ስለ አባቴ የሚያውቀው ነገር የለም። ስኮርታችን ደጁ ላይ ተጋድሞ ማዳበሪያ ተነጥፎበታል። ለምን እንዳልሠራበት ጠየቅሁት።

«ሓፍተይ፣ ጋሪ እኮ ሁለት እግር ነው ያለው» አለ እየሳቀ። «አራቱ ሁለት ጋሪ ሆነ። አምስተኛው ምን ያደርግልኛል? መርቅልኝ ያልኩት እንዲያው ለወጉ ነው። ነይ፣ ቁጭ በይበት።»

ቆሜ ተነጋግሬ ተመለስሁ።