ሲሳሳቱ የሚመለስ ዜማ

ጫማዬን መቼ እንዳወለቅሁት አላውቅም። ብቻ የሲሚንቶው ብርድ ከውስጥ እግሬ ተነሥቶ ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ነው ቆሜ እንዳለሁ የታወቀኝ። ነጠላዬንም መስቀለኛ አጣፍቼ ነበር። ስፈለፍለው የነበረው ባቄላ ከጭኔ ላይ ተንዶ የጓዳውን ወለል ሞልቶታል።

ደባርቅ ላይ ክረምት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከተራራው ይወርድና በሩ ክፍት ከሆነ ዘው ብሎ ይገባል፤ እንግዳ ነኝ አይል። እኔ ያለሁት ልጄ ቤት ነው። የፊቱን ክፍል ልጄ ጌም ቤት አድርጋዋለች፤ የሰፈሩ ጎረምሶች ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ኳስ ይጫወታሉ። ኳስ ስላችሁ በእግር አይደለም፣ በጣት ነው። ጩኸታቸውን ለምጄዋለሁ። ጎል ሲገባ ግድግዳው ይነቃነቃል፣ እኔም አብሬ። ያን ዕለት ግን ዝናቡ ሰው አላስመጣም። የልጅ ልጄ ቤቱ ጭር ሲልላት ጊዜ ኳሱን ዘግታ የራሷን ጨዋታ ከፈተች።

መጀመሪያ የመጣው የወንዶች ድምፅ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣ የመሰለ፣ ዝቅ ያለ፤ ብዙ ሰው በአንድ ጉሮሮ የሚያዜም ይመስላል። ከሥሩ ማሲንቆ አለ፤ አንድ ማሲንቆ አይደለም፣ የአገሩ ማሲንቆ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ላይ የሚያለቅስ ነው እንጂ። ቀጥሎ ሴቶቹ ከላይ ገቡ። እንግዲህ ያን ጊዜ ነው እግሬ የተነሣው። እኔ አላዘዝሁትም።

ከጓዳው ደፍ ላይ ቆሜ አየሁ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ጣራው የፈረሰ ደብር የመሰለ ትልቅ ቤት አለ። በመሐሉ አንድ ግዙፍ ሰው ሰይፉን ይዞ ቆሟል፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ አውራ ጣት የምታክል ተዋጊ ወዲያ ወዲህ ትሮጣለች። ያቺን የምታስሮጣት የልጅ ልጄ ናት። አጠገቧ ከዝናቡ ሊጠለል የገባ የጎረቤት ጎረምሳ ተቀምጧል። ዞር ብሎ በባዶ እግሬ ቆሜ ሲያየኝ ሣቁን መቻል አቃተው።

«እማማ፣ ሊያስቀድሱ መጡ እንዴ? ጠበሉም ይኸው፣ ከጣራው እየወረደ ነው!»

«ዝም በል አንተ!» አለችው የልጅ ልጄ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። ቀጥላም ለእኔ፣ «እምዬ፣ ጸሎት እኮ አይደለም፣ ጌም ነው። ጫማሽን አድርጊ፣ ይበርድሻል።»

ልጁ ክፉ አይደለም። ተነሥቶ ጫማዬን ከጓዳ አመጣና እግሬ ሥር አኖረልኝ። እኔ ግን ልብ አላልሁትም።

«በምን ቋንቋ ነው የሚሉት?» አልኋት።

«እኔ እንጃ። ላቲን መሰለኝ። ከሚጫወተው ሰው ማንም አይሰማውም።»

«እኔስ ግዕዙን መቼ ሰምቼው አውቃለሁ?»

የቀለድሁ መስሏት ሣቀች። ቀልድ አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ያዳመጥሁት ቃል ምን እንደሚል የነገረኝ የለም። አንጀቴ ግን ሳይነገረው ይገባዋል። ይኸኛውም እንዲያ ነው የሆነብኝ።

ይኸን ስናወራ ግዙፉ ሰይፉን አወረደና ያቺን ትንሿን መታት። ዜማው ቁርጥ አለ። ቴሌቪዥኑ ጨለመ፣ ጽሕፈት ብቻ ቀረበት። ፊደል አልቆጠርሁም፤ የአገሬንም የፈረንጁንም።

«ምን ይላል?»

«ወድቀሻል፤ ትመለሻለሽ ወይ? ነው የሚለው።»

በጣቷ ተጫነችው። ዜማውም ከመጀመሪያው፣ ከዚያ ከጉድጓድ ከሚወጣው የወንዶች ድምፅ፣ እንደገና ተነሣ።

ተመለስ። እኔን ያቺ ቃል ይዛኝ ሄደች።

አባቴ ከዳባት ወደ ቆላው በሚያወርደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ደብር የዜማ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ደበሎአቸውን ለብሰው በቤታችን ዙሪያ በየጎጆአቸው ይኖሩ ነበር። የዚያ የበግ ቆዳ ሽታ ዝናብ ሲመታው እንዴት ያለ ነው! እስካሁን ገበያ ላይ እርጥብ በግ ባጠገቤ ሲያልፍ ድጓ ሊባል የተጀመረ ይመስለኛል።

አባቴ ሲያስተምር እንዲህ ነበር። ተማሪው ፊቱ ቆሞ ያዜማል። እሱ መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንድ ጣቱ የመደቡን ጠርዝ ቀስ እያለ እየመታ ይሰማል። ተማሪው ከሳተ ጣቱ ትቆማለች። «ተመለስ» ይላል። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። የት ጋ እንደሳተ አይነግረውም፤ ተማሪው ራሱ ወደ ኋላ ሄዶ ስሕተቱን ያገኛታል። እኛን ሴቶቹን ማንም አላስተማረን። እኔ በሩ አጠገብ ገብስ ስለቅም ነው ያደግሁት። ዜማውን አላውቀውም። የማውቀው ያቺ ጣት ስትቆም ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ጸጥታ ነው።

አንድ ክረምት አባቴን ደረቱን ያዘው። በበቅሎ ዳባት ሐኪም ቤት ድረስ ወሰዱት፤ ይዘውት ተመለሱ። ድምፁ እያለቀ ሄደ። መጀመሪያ ዜማው፣ ከዚያ ንግግሩ። እናቴ አጥሚቱን ይዛ «በሞቴ፣ አንዲት ቃል» ትለዋለች፤ ዝም። እኔ «አባ፣ አባ» እለዋለሁ። ያየኛል፤ ግን ከሩቅ አገር ሆኖ እንደሚያይ ሰው ነው የሚያየኝ። መናገር አቅቶት ይሁን መናገር ትቶ፣ እኛ አላወቅንም።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የሚበልጠው፣ ጢሙ የተንዠረገገ ትልቅ ሰው ነበር፣ እናቴን ለመናት። «እሜቴ፣ የኔታን ዝምታው ነው የሚጎዳቸው። ፊታቸው ቆመን እንበል» አላት። እሺ አለች። ከቀትር በኋላ እየተፈራረቁ ገብተው ያዜሙለት ጀመር። አባቴ ተኝቶ ይሰማል፤ ጣቱም መደቡን ትመታለች፣ እንደ ድሮው ባይሆንም።

አንድ ቀን አዲስ የመጣ ተማሪ መሐል ላይ ጠፋበት። ጣቲቱ ቆመች።

«ተመለስ።»

እናቴ የያዘችውን ዋንጫ ለቀቀችው። ያን ድምፅ ከሰማን ስንት ጊዜያችን! ሻካራ ነበር፣ ቀጭን ነበር፣ ግን የእሱ ነበር። ተማሪው ደንግጦ አለቀሰ። እኔ ደስ ብሎኝ የለቀምሁትን ገብስ ከእንክርዳዱ ጋር መልሼ ቀላቀልሁት።

በማግሥቱ ያን ትልቁን ተማሪ ወንዙ ዳር አገኘሁት። ነጠላውን ሊያጥብ እንዶድ ይወቅጣል።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ስታዜም ተሳሳትልኝ።»

«ምን ልሁንልሽ?»

«ተሳሳትልኝ። አባ እንዲናገር።»

መውቀጡን ትቶ አየኝ። «አንቺ ቁንጫ! ይኸን ሁሉ ዓመት እንዳልስት አይደል ደጅ የጠናሁት?» ብሎ ሊሥቅ ጀመረና ተወው። ቁጭ አለ። ነገሩን እንደ ትልቅ ሰው አስረዳኝ። አባቴ በሰው ሁሉ ፊት «ድጓዬ እዚህ ሰው ጋ ነው ያለ» ብሎለት ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ ወንበሩን የሚይዘው እሱ ነው። «የኔታ የእኔን ነገር ጨርሻለሁ ብለው ነው የተኙት። አሁን ብስት፣ ያስተማርሁት ሁሉ ፈሰሰ ብለው ነው የሚሄዱ።»

የሚሄዱ ሲል ወዴት እንደሆነ ገባኝ። አለቀስሁ። እሱም ቀና ሳይል እንዶዱን መውቀጥ ቀጠለ። አረፋው እስከ ክንዱ ወጥቶ ነበር።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ዝናቡ አባርቶ፣ ፀሐይዋ በበሩ ገብታ እስከ አባቴ እግር ድረስ ተዘርግታ ነበር። ትልቁ ተማሪ ቆመ። አራራይ የሚሉትን፣ ያንን አንጀት የሚያላውሰውን ዜማ ጀመረ። ሲያዜም የቤታችን ጭስ እንኳ ቆሞ የሚሰማው ይመስል ነበር። ከፍ ማለት የሚገባው ቦታ ላይ ደረሰ። ወረደ።

ጣቲቱ ቆመች። «ተመለስ።»

ተመለሰ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁበት። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ሳተ። ታናናሾቹ ተማሪዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሲወጣ አንደኛው በሩ ላይ፣ «ምነው መምህር፣ ድጓውን ሌላኛው ደበሎ ውስጥ ረሱት እንዴ?» አለው። ሁሉም ሣቁበት። እኔን ግን ሲያልፍ በመዳፉ ራሴን ነካ አደረገኝ።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። በየቀኑ አንድ «ተመለስ»፣ ሲቀናን ሁለት። ከእርሷም ጋር ሌላ ቃል እየተጎተተ ይወጣ ጀመር፤ «ውኃ» ይላል፣ «በሩን ክፈቱት» ይላል። አንድ ቀን እናቴን በስሟ ጠራት። ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች፤ ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ይኸን ሁሉ ደፉ ላይ ቆሜ ለሁለቱ ሳወራላቸው የልጅ ልጄ ጌሙን አልተወችውም። ትወድቃለች፣ ትመለሳለች። «እኔ ልያዝልሽ፣ አንቺ አትችይም» ይላታል ጎረምሳው፤ ጆይስቲኩን ታሸሸዋለች። ቀስ በቀስ እሱም ወሬዬን መስማት ያዘ።

በኋላ አንድ ቀን አባቴ ጣቱን አቆመና ቶሎ አልተናገረም። ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

«ይችን እኮ» አለ አባቴ፣ ቃሉን አንድ አንድ እያነሣ፣ «በመጣህበት ዓመት ነው ያለፍሃት።»

ተማሪው መሬት መሬት አየ። የአባቴ ዓይን ቀስ ብሎ ከእርሱ ላይ ተነሣና ወደ በሩ መጣ፤ እኔ ላይ ዐረፈ። ከሩቅ አገር አልነበረም በዚያን ጊዜ። እዚያው ቤታችን ነበር።

«ማን መከረህ?»

ሰፌዱን ፊቴ ድረስ አነሣሁት። በሰፌዱ ጫፍ ሰርቄ ስመለከት ግን አየሁት፤ ከንፈሩ በአንድ ጎኗ ፈገግ ብላለች። ጣቱን መልሶ መደቡ ላይ አኖረ።

«በል፣ ተመለስ» አለ።

ያቺን «በል»ን ከዚያ በፊት ጨምሮባት አያውቅም። እስካሁን እዚህ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ከዚያ ብዙ አልቆየም። ሰማዩ የተከፈተበት ቀን ነበር፤ በበሩ የእርጥብ መሬትና ያልደረሰ ገብስ ሽታ ይገባል። ትልቁ ተማሪ ጀመረ። እዚያችው ቦታ ደረሰ፣ ሳተ። እኔ ጣቱን ለማየት ዞርሁ። ቀድማ ቆማ ነበር፤ መቼ እንደቆመች አላየሁም። ጠበቅን። ተማሪው ትንሽ ወደ ፊት ሄደና ደግሞ ሳተ፤ ትናንት የመጣ ልጅ የማይስታትን። ምንም። እናቴ ከምድጃው ቀና አለች።

ተማሪው ዓይኑን ከአባቴ ፊት አላነሣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ በአባቴ አነጋገር፣ «ተመለስ» አለ ለራሱ። ተመለሰ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዜመው፣ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ። እኔ በሩ ሥር ሆኜ እንዲስት በልቤ እለምነው ነበር። አልሳተም።

ያ ተማሪ በኋላ ወደ መካነ ብርሃን ማዶ ተሻግሮ አስተማረ ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ተማሪው ሲስትበት ምን ይል እንደነበር ግን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ነግሬያቸው ስጨርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ገና ይቀጠቅጣል። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ግዙፉ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኳል። ሴቶቹ ከላይ፣ ወንዶቹ ከሥር፣ ዜማው እስከ ጣራው ሞልቶ ነበር።

«አለቀለት!» አለ ጎረምሳው ከመቀመጫው ተነሥቶ። «አንድ ምት! አንድ ምት ብቻ ነው የቀረሽ!»

«እሱ ሲወድቅ ዜማውም ያልቃል?» አልኋት።

«አዎ እምዬ» አለች። «ያልቃል።»

ጣቷ ቆመች። ግዙፉ ቀስ ብሎ ከጉልበቱ ተነሣ፣ ሰይፉን አነሣ፣ አወረደው። ቤቱ ጨለመ።

«ምን ነካሽ አንቺ? ገድለሽው እኮ ነበር!»

«ተሳሳትኩ» አለችው።

ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። ጫማዬን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ እግሬ አስጠጋችልኝና፣ ትመለሻለሽ ወይ የሚለውን ተጫነች።

ጫማውን አላደረግሁትም። የወንዶቹ ድምፅ ጀምሮ ነበር።