ሽማግሌ ያጡት ሽማግሌ

ሆመቾ ውስጥ ጠብ ተነሥቶ አቶ ጠና ሳይጠሩ በረደ ቢባል የሚያምን የለም። አባታቸው ሀድያ፣ እናታቸው የዱራሜ ከምባታ ስለሆኑ የትም ቤት ዘመድ ናቸው። ባገሩ ደንብ በዳይ ተበዳዩ ፊት ቀርቦ አይከራከርም፤ ውጭ ይቀመጣል፣ ሽማግሌው በመሃል ይመላለስለታል።

ይህን ሲያስተምሩ የኖሩት ሰው የራሳቸው ሲመጣ ረሱት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፊት ለቅሶ በሄዱበት፣ ለሞተር ሳይክላቸው ማቆሚያ ብለው የጓሮውን እንሰት ገነደሱት። እንሰት ደግሞ የሴት ነው፤ ወንድ ሳያስፈቅድ ቅጠል እንኳ አይቆርጥም። ትርፊት ተመልሰው ጓሮውን አዩ። ከዚያው ዞረው ጃጁራ ወንድማቸው ቤት ገቡ።

አቶ ጠና ለገዛ ሚስቴ ሽማግሌ አልልክም ብለው በዚያው ሞተር ሄዱ። ትርፊት የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ በሩን ዘጉ። ጠና ደጅ ቆመው እንሰቱ ያረጀ እንደነበር ማስረዳት ሲጀምሩ መስኮቱም ተዘጋ። ቤቱ ጭር ሲልባቸው የሚያውቋቸውን ሽማግሌዎች ላኩ። ትርፊት ሁሉንም የጠና ጓደኞች ናችሁ ብለው መለሷቸው።

ጠና ለወንጌላዊ ዳኘ አማረሩ። ዳኘን ለዓመታት ያደከሙት እሳቸው ነበሩ፤ እግዚአብሔር አባት ከሆነ መካከለኛ ለምን፣ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ እያሉ።

ዳኘ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "ጋሽ ጠና፣ ለእትዬ ትርፊትም ራስዎ ነግረው አይተውታል፤ መስኮት አስዘጉ" አላቸው። "አስታራቂ ከሁለቱም ወገን መሆን አለበት። ኢየሱስ አምላክም ሰውም የሆነው ለዚህ ነው። እርስዎ የላኳቸው በሙሉ የእርስዎ ናቸው።"

ጠና የሁለታቸውም የሆነ ሰው ሲፈልጉ አንድ ብቻ አገኙ፤ ሆሳዕና በነርስነት የምትሠራው ልጃቸው ሊሻን። ልጅ አባቷን ስታስታርቅ ታይቶ አይታወቅም። ቢሆንም ደወሉ፤ ሥራ በዝቶብሽ እንደሆነ ይቅር እያሉ።

ሊሻን ቅዳሜ በባጃጅ ጃጁራ ደረሰች። ከአማቷ ጓሮ የነቀለቻቸውን የእንሰት ችግኞች ስላቀፈች ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። በሞተራቸው የመጡትን አባቷን ውጭ ዛፍ ሥር አስቀምጣ ገባች። ከውስጥ ሳቅ ሲሰማ ጠና ይበልጥ ፈሩ።

ወጥታ "እማዬ ትመጣለች" አለቻቸው። "ጓሮውን ግን እኔ ነኝ የምተክለው። አንተ አትነካውም።"

"ጥፋቱ የእኔ፣ ድካሙ የአንቺ? ይኼ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው?"

"አባዬ፣ ካሳውን እኔ ይዤዋለሁ። አንተ እሺ በል።"

ጠና የመከራከር አመላቸው ጉሮሯቸው ድረስ መጥቶ ነበር። እሺ አሉ።

ትርፊት ወጡና ሞተሩን አልፈው ባጃጁ ውስጥ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። ግማሹን ችግኝ ተቀበሏት። ባጃጁ ሲነሣ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ "ራቅ ብለህ ተከተል፤ ጭስህ ችግኙን ያደርቀዋል" አሏቸው።

ትርፊት ቤታቸውን ትተው ከሄዱ ወዲህ ባላቸውን ያናገሯቸው ገና አሁን ነው። አቶ ጠና እስከ ሆመቾ ድረስ አቧራ እየበሉ ተከተሉ፤ አፋቸው ግን በሳቅ አልተዘጋም።