እጁን ከኋላ የያዝኩት ሰው

በ2014 ዓ.ም. ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጋምቤላ ከተማ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር የአንድ በያጅ ቤት እጠብቃለሁ። በያጁ ጆሮው አይሰማም። አንገታችንን እየነቀነቅን እንግባባለን፣ ይበቃናል። ሚስቱ ትሰማለች፤ ከበሩ አጠገብ ሻይ ትሸጣለች። የምልክት ቋንቋ ላስተምርዎ ስትለኝ፣ ፊደሉንም በመሠረተ ትምህርት በስንት መከራ ነው የቆጠርኩት፣ በስተርጅና ደግሞ ጣት አልቆጥርም ብያታለሁ። ዛሬ በእጄ እቀልዳለሁ፣ እሳደባለሁም። ያን ጊዜ ግን ምንም አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት የበያጁ የልጅነት ጓደኛ ከጎግ ወረዳ መጣ። እሱም አይሰማም። ተቃቅፈው ተሳሳሙ፤ ትንሽ ቆይቶ የሚጋደሉ መሰለኝ። እንግዳው ደረቱን ይደልቃል፣ መዳፉን በቡጢ ይመታል፣ የራሱን አንገት ያንቃል፣ ዓይኑን ያፈጣል። ፊቱን ሲያዞር በያጁ መሬቱን በእግሩ እየመታ ይጠራዋል። በመጨረሻ እንግዳው ፌሮ አንስቶ ከራሱ በላይ ሰቀለ። በእኔ አገር ዱላ እንዲህ ከተሰቀለ ሰው ይሞታል። ሮጥኩና ከኋላው ሁለት እጁን ጨምድጄ ያዝኩት። ገላጋይ እንዲህ ነው የሚይዘው።

ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ወርውሮ አፌን አገኘኝ። ጥርሴ ወለቀ። ወደቅሁ፤ ላዬ ላይ ወጥቶ አገጬን በቡጢ ደቆሰው። ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ዱዳው ሽማግሌውን ገደለ እየተባባሉ መጡ። በቀበቶ፣ በድንጋይ፣ በዚያው በፌሮው ወረዱበት። በያጁ ጓደኛውን ሊሸፍን ገብቶ ግንባሩን ተፈነከተ። እንግዳው ግን በዚያ ሁሉ ዱላ ትንፍሽ አላለም።

የጮኸው፣ ፖሊስ ደርሶ እጁን የኋሊት በገመድ ሲያስረው ነው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ሰምቼ አላውቅም። ግንባሩን ከፖሊሶቹ ፒክአፕ በር ጋር ያላትም ጀመር። ደሙ በነጩ ቀለም ላይ ወረደ።

የበያጁ ሚስት አጠገቤ ተንበረከከች።

"አባባ፣ አልተጣሉም እኮ። የእነሱ ጨዋታ በመላ አካል ነው። አዞ ታንኳውን ሲይዝበት እንዴት እንደደበደበው እያወራለት ነበር። ፌሮው መቅዘፊያው ነው።"

ከዚያ ሌላውን ነገረችኝ። ከዚህ በፊት ከተማው በተረበሸ ጊዜ መንገድ ላይ ሰዎች ይህን እንግዳ ይዘው ማን ነህ ይሉታል። በእጁ ሊመልስ ሲጀምር የኋሊት አስረው እንደገና ይጠይቁታል። አልመለሰም ብለው የጎድን አጥንቱን ሰበሩት።

"እጁን ሲይዙበት አፉን ነው ያፈኑት። እንደታሰረ ከወሰዱት ራሱን ፈጥፍጦ ይሞታል። ተበዳዩ እርስዎ ነዎት፤ ፍቱት ይበሉ።"

ልናገር አፌን ብከፍት ደም ብቻ ወጣ። አገጬ አልንቀሳቀስ አለ። በጣቴ ወደ ገመዱ ጠቆምኩ። ፖሊሱ፣ "አይዞዎት አባት፣ አያመልጥም" ብሎ ይባስ አጠበቀው። እጄን ባወናጭፍ፣ ሽማግሌው በጣም ተናደዋል አለ። እንግዳውን ጫኑት፤ ሞተሩ ተነሳ።

እንግዲህ ግትር ነኝ። ሄጄ ከጎማው ፊት ተጋደምኩ። ባጃጅ ነጂዎቹ እግሬን ይዘው ጎተቱኝ፤ አንዱን በክርኔ ደቁሼ ተመልሼ ተጋደምኩ። የገዛ እጄን የኋሊት አጣምሬ ለፖሊሱ አሳየሁት፤ ከዚያ ለያየሁት። ደጋግሜ እንዲሁ አደረግሁ። ሴትየዋም፣ አልከስም፣ ፍቱት ነው የሚሉት እያለች ትጮሃለች። ፖሊሱ ቁና ቁና እየተነፈሰ አየኝና እውነት ነው ወይ አለ። አንገቴን ነቀነቅሁ። ፈታው።

እንግዳው የተላጠ አንጓውን እንኳ አላሸም። በእጁ አንድ ነገር አለኝ። ወደ ሴትየዋ ዞርኩ።

"ከኋላ አትምጣብኝ፤ ከፊት ና ነው የሚልዎት።"

በማግስቱ ጠዋት አንድ ዓይኔ በእብጠት ተጨፍኖ ወደ በያጁ ቤት ሄድኩ። እንግዳው በረንዳው ላይ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ሻይ ይጠጣል። ዞሬ ከፊቱ ቆምኩና መሬቱን በእግሬ መታሁ። ቀና አለ። ሁለት ክንዴን ገጥሜ እንደ አዞ አፍ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከዚያ ፌሮውን ከመሬት አንስቼ በሁለት እጄ ሰጠሁት።