ወተት ፍለጋ ከሰበታ ሱሉልታ

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሰበታ

እርጎና አይብ የምሸጥባት ሱቄ ሰበታ ላይ ከተከፈተች አራት ዓመቷ ነው። ዛሬ የወጣሁት ሁለተኛዋን ለመክፈት ነው። ቡራዩ ቤት ተከራይቻለሁ፤ የቀረኝ ወተት ብቻ ነው። ቀኑን በሰዓት ከፋፍዬ ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ዕቅድ ላለው ሰው ቀኑ ይታዘዛል ባይ ነኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቡራዩ

በአየር ጤና በኩል ታክሲ እየቀያየርኩ ደረስኩ። ከአዲሱ ሱቅ አጠገብ ካለችው ቁርስ ቤት ትኩስ ፍርፍር በላሁ። ባለቤቷ፣ «እርጎ ከጀመርሽ እኔም ከአንቺ እወስዳለሁ» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። ያን ያህል ብዙና ንጹህ ወተት የማውቀው ሱሉልታ ያሉት ኦቦ ቶለሳ ዘንድ ብቻ ነው። እሳቸው እምቢ ካሉ ባዶ ቤት ታቅፌ መቅረቴ ነው።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ሱሉልታ

በአስኮና በአዲሱ ገበያ አድርጌ እንጦጦን ስሻገር ጉሙ አልተነሳም ነበር። ሯጮች በዝናቡ ውስጥ ሽቅብ ይሮጣሉ። ከሚኒባስ ስወርድ ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀርብኝ ምንም አልቀረውም።

ኦቦ ቶለሳ በረት እየጠረጉ ነበር።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ቶለሳ? እንዴት አደሩ?» አልኳቸው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ዛሬ ከየት ተገኘሽ?»

አጠያየቃቸው ገባኝ። ዓቢይ ጾም ሲገባ ለሰበታው ሱቅ ከእሳቸው የምወስደውን ወተት በአንድ ስልክ ጥሪ ያቆምኩት እኔ ነኝ። እሳቸውም ጿሚ ናቸው፣ ይረዱኛል ብዬ ነበር።

«በቀን ስልሳ ሊትር እፈልጋለሁ፤ ሱቅ ላሰፋ ነው» አልኳቸው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ፍልሰታ ሲፈታ።»

አካፋቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ልጄ፣ እኔም እጾማለሁ። ላሞቹ ግን አይጾሙም። አንቺ ስታቆሚ ባለቤቴ ሁለት ወር ሙሉ ስትንጥ ትከሻዋን አመማት። የቀረውን ለጎረቤት አደልነው።»

ሰበብ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በጣም አፈርኩ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«የጠየቅሽውን እሰጥሻለሁ። ግን ጾሙ ከሚገባበት ቀን ጀምረሽ ትወስጃለሽ።»

ፍልሰታ ሊገባ አራት ቀን ነው የቀረው። ስልኬ ላይ የጾሙ ሁለት ሳምንታት «የሱቅ ቀለምና እረፍት» ተብለው ነበር የተጻፉት። እዚያው በረት ደጃፍ ቆሜ ሰረዝኩት። ለእንቁጣጣሽ ቅቤ የማይፈልግ ቤት የለም፣ አስንጬ አቆየዋለሁ።

«እወስዳለሁ» አልኳቸው።

«እናያለን» አሉና በረታቸውን ወደ መጥረግ ተመለሱ።

አስር ሰዓት፣ ሰበታ

አብራኝ የምትሠራው አስካለ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ሰኞ ስልሳ ሊትር ይመጣል» አልኳት።

«ሰኞ ፍልሰታ ይገባል እኮ፣ እትዬ። ማን ሊጠጣው?»

«ማንም። እንንጠዋለን።»

ሥራ ማስፋት ብዙ መሸጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጥሩውን ቀን ለራሴ ወስጄ፣ ክፉውን ለኦቦ ቶለሳ ቤት ትቼ ነው የኖርኩት። ሁለተኛዋ ሱቅ በእግሯ እንደምትቆም አልጠራጠርም። ሰኞ ጠዋት ወተቱን ራሴ ቆሜ እቀበላለሁ።